የፈረስ ጉልበት ተለካ፤ የማማሰያዋስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የቁስቋም በዓል ሊገባ አሥር ቀን ያህል ቀርቶታል። ከመካከላችን ሁለቱ የጎንደር ልጆች ስለሆኑ መንገድ ጠያቂ አላስፈለገንም፤ ከፒያሳ ተነስተን ዳገቱን በእግራችን ተያያዝነው። የእቴጌ ምንትዋብን ፍርስራሽ ልናይ፣ ፎቶ ልናነሳ፣ ስለ እቴጌዪቱም አንድ ነገር ልንጽፍ ነበር ሐሳባችን። ያሰብነው ሌላ፣ የጻፍነው ሌላ ሆነ። ምክንያቱ አንዲት ማማሰያ ናት።

ከመመለሳችን በፊት የአንዱ ጓደኛችን ዘመድ ቤት ጎራ አልን። የቤቱ እመቤት ለኅዳር 6 ጠላ ጠንስሰው ድፍድፉ ላይ ደርሰዋል። ጋኑ ጥግ ላይ በጠጠር ተደግፎ ቆሟል፤ እሳቸው በረጅም እንጨት ያማስላሉ። አንዱ ጓደኛችን «እትዬ፣ ላግዝዎት» ብሎ ማማሰያውን ተቀበላቸው። ልጁ ጂም የሚሠራ፣ ደረቱን የሚነፋ ዓይነት ነው። እንደ ጀማሪ ሁሉ በፍጥነት ማሽከርከር ጀመረ። ሦስት ደቂቃ አልሞላውም፤ ትከሻውን ይዞ ቆመ። እትዬ ሳቁና «አይ ልጄ! ጠላ በችኮላ አይሆንም። ቀስ እያልክ፣ ከታች እያነሳህ» አሉት።

እኛም ሳቅንበት። መንገድ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይዞን ቀረ። ለመሆኑ ማማሰል ምን ያህል ኃይል ይበላል? ይህንን የለካ ሰው አለ? ካለስ መቼ፣ ለምን ለካው? መልሱን ስንፈልግ ከቁስቋም ተነስተን ስኮትላንድ ደርሰን፣ ተመልሰን እዚያው ጋን አጠገብ ቆምን። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያልነው በአውሮፓውያን፣ «ዓ.ም.» ያልነው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ቋንቋችን ያውቀዋል

እስቲ በቅድሚያ አማርኛችንን እንጠይቀው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በአንድ ቃል የሚያልፈውን ነገር የእኛ ሰው በብዙ ግስ ይከፋፍለዋል። ወጥ ይማሰላል። ማር በውሃ ይበጠበጣል። ሊጥና ጭቃ ይቦካል። ወተት ይናጣል። ገንፎም እንዲሁ በቀላሉ የሚዞር ነገር አይደለም፤ ያገነፋ ክንድ ያውቀዋል።

እነዚህ ግሶች የአነጋገር ማሳመሪያ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የተለያየ ድካም ናቸው። ቀጭን ነገር ሲማሰል ይናወጣል፣ ይሽከረከራል፣ አረፋ ያወጣል። ወፍራም ነገር አይናወጥም፤ እየተጎተተ እየታጠፈ ነው የሚቀላቀለው። የሚናጠውማ ጨርሶ ሌላ ነው፤ ማማሰያው ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። መሐንዲሶች ይህንን ልዩነት በቁጥር ለማስቀመጥ እስከ አሥራ ዘጠነኛውና ሃያኛው ክፍለ ዘመን ጠብቀዋል። እናቶቻችን በክንዳቸው ያውቁት ነበር።

እቴጌዪቱና ያቦኩላት

ወደ ቁስቋም እንመለስ። እቴጌ ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበረች። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ነገሠ፤ እርሷም እንደ ንጉሥ ዘውድ ጭና ከልጇ ጋር አገር መራች። ልጇ ካለፈ በኋላም የልጅ ልጇ ኢዮአስ ነገሠ። ያን ሁሉ ዘመን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተራራው ሥር፣ ቤተ መንግሥቷንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን አሠርታ ኖረችበት። ስሙን ያገኘው ቅድስት ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደቷ ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 አረፈች።

አሁን ቆመው የምናያቸው የግቢው ግንቦች በኖራ የተያያዙ ናቸው። የኖራ ነገር በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ መግቢያ አካባቢ፣ ከህንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በጣና ዙሪያ አገር እንዳገኘ የዘመኑ ኢየሱሳውያን ጽፈዋል። ኢየሱሳውያኑ በአፄ ፋሲል ዘመን ተባረሩ፤ ኖራው ግን ቀረ። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁር ግንቡ በኖራ ተሠራ፤ መቶ ዓመት ቆይቶ ምንትዋብም በዚያው ጥበብ ተጠቀመች። ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በዘመኑ «ባለ እጅ» ተብለው በሚናቁት እጆቻቸው ነገሥታቱ የሚመኩበትን ግንብ አቁመዋል።

ኖራ መሥራት እንዲህ ነው፦ ድንጋዩን 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ታቃጥለዋለህ፤ ውሃ ስታፈስበት ይንተከተካል፣ ይሞቃል፣ ይፈርሳል፤ ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ልብ በሉ፣ ይቦካል! በደንብ ያልቦካ ኖራ አይዝም፤ አንዱ ጋ ኖራ ብቻ፣ ሌላው ጋ አሸዋ ብቻ ይሆናል። ከሦስት ቁመት በላይ የሚወጣ ግንብ በሙሉ፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለችው እያንዳንዷ ሙዳይ የምታክል ኖራ፣ በሰው እጅና እግር ተለውሳ ነው እዚያ የደረሰችው።

ግቢው ግንብ ብቻ አይደለም። ግብር ይበላበታል። ግብር ካለ ጠጅ አለ፤ ጠጅ ካለ ጠጅ ጣይ አለች፤ ጠላም ካለ ጠማቂ። የቤተ መንግሥት ጓዳ በአገልጋይና በባሪያ ጉልበት የሚንቀሳቀስበት ዘመን ነበር፤ በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 መሆኑን አንርሳ። ታሪክ ያቆየልን ያሠራችውን ስም ነው። ያቦካውን፣ ያማሰለችውን ስም ፈልገን አላገኘንም።

ሁለት ስኮትላንዳውያንና አንድ የቢራ ጠማቂ ልጅ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቁስቋም ተቀመጠ፤ በግቢው ፈንጣጣ የያዛቸውን አከመ፣ ከእቴጌዪቱ ጋር ተጫወተ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1790 የታተመውን ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ጻፈ። ስለ ብሩስ ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምንፈልገው የአገሩን ልጅ ነው።

ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1769 መጀመሪያ፣ ሌላው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተሩን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሞተሩን ለመሸጥ ሲነሳ ግን ችግር ገጠመው። ገዢዎቹ መፍጫቸውንና ፓምፓቸውን በፈረስ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ይህ ብረት የስንት ፈረስ ሥራ ይሠራል?» ዋት ፈረስ የሚሠራውን ለካ፤ «የፈረስ ጉልበት» የሚባለው መለኪያ እንዲህ ተወለደ። በዛሬ ስሌት 746 ዋት ገደማ ነው።

ደንበኞቹ እነማን ነበሩ? ከመጀመሪያዎቹ መካከል የለንደን ቢራ ጠማቂዎች ይገኛሉ። ዊትብሬድ የተባለው ጠመቃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1785 የዋትን ሞተር ተከለ። ሞተሩ ብቅል ይፈጫል፣ ቢራ ይገፋል፣ ዕቃ ወደ ላይ ያነሳል፤ እንዲሁም በጋኑ ውስጥ ያለውን ማማሰያ ያዞራል። ምንትዋብ ካረፈች 12 ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። በቁስቋም ዳገት ጥግ እንጨት የጨበጠች ሴት እያማሰለች ሳለ፣ ለንደን ላይ የእርሷን ሥራ እንፋሎት ተረከበው ማለት ነው። ሞተሩ ዛሬም አለ፤ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ሙዚየም ገብቷል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የማንቸስተር አካባቢው ጄምስ ጁል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ ራሱም በቤተሰቡ ጠመቃ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ምን አደረገ? ውሃ አማሰለ! ውሃ በሞላው ዕቃ ውስጥ ክንፍ ያለው ማማሰያ አስገባ፤ ከውጭ በገመድ የታሠረ ክብደት ሲወርድ ማማሰያውን ያዞረዋል። ከዚያ የውሃውን ሙቀት በጥንቃቄ ለካ። ውሃው በትንሹ ሞቀ። ጁል የማማሰል ድካም የትም እንደማይጠፋ፣ ሙቀት እንደሚሆን በቁጥር አሳየ። ዛሬ «ጁል» የምንለው መለኪያ በእርሱ ስም ነው፤ አንድ ዋት ማለት ደግሞ በሰከንድ አንድ ጁል ነው። እንግዲህ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ የሚያነበው መለኪያ አንዱ ከጠማቂ ደንበኛ፣ አንዱ ከጠማቂ ልጅ የተገኘ መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ የእትዬ ጋን ትዝ አለን።

ስምንት እጥፍ፣ ሠላሳ ሁለት እጥፍ

ማማሰያው በኤሌክትሪክ ሲዞር ጥያቄው ጠበቀ፤ ስንት ዋት ሞተር እንግዛ? እ.ኤ.አ. በ1950 ራሽተንና ሁለት አሜሪካውያን ባልደረቦቹ መሐንዲሶች «ኢምፔለር» የሚሉትን፣ ማለትም ክንፍ ያለውን ማማሰያ፣ በየዓይነቱና በየመጠኑ ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ። ዛሬም የዘርፉ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ሕጉን በቀላሉ እንንገራችሁ። እንደ ውሃ ቀጭን በሆነ፣ በሚናወጥ ነገር ውስጥ ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው የሚፈልገው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ማማሰያው የሚያካልለውን ክብ ወርድ እጥፍ ብታደርገውማ 32 እጥፍ ይሆናል። እንደ ማር ባለ ወፍራም ነገር ሕጉ ይለወጣል፤ ለእጥፍ ፍጥነት አራት እጥፍ፣ ለእጥፍ ወርድ ስምንት እጥፍ ነው። ግን አይምሰላችሁ፣ ወፍራሙ መነሻው ራሱ ከባድ ነው።

ጂም የሚሠራው ጓደኛችን ለምን በሦስት ደቂቃ እንደተሸነፈ አሁን ገባን። በግምት እናስላው፤ ስሌቱ የእኛ ስለሆነ ስህተቱም የእኛ ነው። ጠላውን እንደ ውሃ እንቁጠረው። ማማሰያው 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ እየሠራ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢዞር 20 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊያወጣው የሚችለው 75 ዋት አካባቢ ስለሆነ 20 ዋት ይቻላል። ጓደኛችን ፍጥነቱን እጥፍ አደረገው፤ 160 ዋት ሆነበት። ትከሻው ያዘው። እትዬ «ቀስ እያልክ» ሲሉ የነገሩት ሕጉን ነበር።

ብዙ ጋን ወይስ አንድ ትልቅ?

አሁን ይህንን ቁጥር ይዘን ወደ እቴጌዪቱ ጓዳ እንግባ። ለታላቅ ግብር ስምንት ጋን ጠላ ያስፈልጋል እንበል። አንድ ብልጥ አጋፋሪ ተነስቶ «ስምንት ጋን ለምን? ወርዱም ቁመቱም እጥፍ የሆነ አንድ ጋን እንሥራ፤ የስምንቱን ይይዛል» ቢል ምን ይፈጠራል?

በዚያው ፍጥነት ለማማሰል 20 ዋቱ በ32 ይባዛል፤ 640 ዋት ይመጣል። አንድ ፈረስ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ በሰው ካልን ከስምንት በላይ ሰው። ስምንቱ ትንንሽ ጋኖች ግን ተደምረው 160 ዋት ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ሩብ! ሸክላ ከመጠን ሲያልፍ እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው፤ ግን ሸክላው እንኳን ቢችል ክንድ አይችልም ነበር። ብዙ ጋን በጠጠር ደግፎ መደርደር ኋላ ቀርነት ሳይሆን ስሌት ነው።

መውጫ መንገድ የለም ወይ? አለ። ትልቁን ጋን በግማሽ ፍጥነት ብታማስለው 640 ዋቱ በአንዴ ወደ 80 ይወርዳል፤ አንድ ብርቱ ሰው ይገፋዋል። ግን ለመቀላቀል እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህም ይሠራል፤ ጠቅላላ ድካሙ ሩብ ይሆናል፣ የምትከፍለው በጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልን። ጊዜው የማን ነው? «ቀስ እያልክ» የሚለው ጥበብ ክንድን ያድናል፤ ዕድሜን ይበላል። በእቴጌዪቱ ዘመን ጊዜዋ የራሷ ያልሆነ ሴት ነበረች ጋኑ አጠገብ የምትቆመው። በለንደን የፈረስ ጉልበት የተለካው ፈረስ መኖ ስለሚበላ፣ ፈረስ በገንዘብ ስለሚገዛ፣ ሊተካው የመጣ ሞተርም ዋጋ ስለነበረው ነው። በጎንደር ግን የሴቲቱን ክንድ ሊተካ ዋጋ ይዞ የመጣ ሻጭ አልነበረም። ሻጭ ከሌለ ለካይ የለም። «የፈረስ ጉልበት» የሚል ቃል አለን፤ «የጠማቂ ጉልበት» የሚል የለንም።

ሞተሩ ጎንደር ሲገባ

ሞተሩም በመጨረሻ መጣ። ቁስቋም እ.ኤ.አ. በ1888 በድርቡሾች ወረራ ተቃጥሎ፣ የምንትዋብ፣ የልጇና የልጅ ልጇ አፅም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዘመን ዘመንን ሲተካ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዳሸን ቢራ ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረ። ዘመናዊ ጠመቃ ውስጥ ብቅልና ሙቅ ውሃ የሚቀላቀሉበት ትልቅ በርሜል አለ፤ ውስጡ በሞተር የሚዞር ማማሰያ። ያ ድፍድፍ ነው እንግዲህ፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው። ሕጉም ያው ነው። መሐንዲሱ የሞተሩን ፍጥነት በ20 በመቶ ብቻ ቢቀንሰው የሚፈጀው ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል። «ቀስ እያልክ» ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆነ።

የቁስቋም እትዬ ግን ዛሬም በእንጨት ነው የሚያማስሉት። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለ75 ዋት ስናካፍለው የ68 ሚሊዮን ሰው ክንድ ያህል ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ክንድ ውስጥ አንዱ እንኳ የእሳቸውን ማማሰያ ሊይዝ ገና አልመጣም።

መለካት ማክበር ነው?

ይህን ስንጽፍ ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ «ይለካ፣ ሲለካ ይከበራል» ልንል ነበር። ከዚያ አንዷ ባልደረባችን ካልኩሌተሯን አወጣችና ነገሩን አበላሸችው።

አንዲት ሴት ለስምንት ሰዓት ያለ ዕረፍት 75 ዋት ብታወጣ፣ የቀን ድካሟ በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሲነበብ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ይህንን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። አዎ፣ አሥር ደቂቃ! የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ላብ የጥቂት እንጀራ መጋገሪያ ናት። በብር ከመነዘርነው ማስቲካ አይገዛም።

ዝም አልን። የእነዚያ ሁሉ ክንዶች ዋጋ ይህ ከሆነ፣ ባይለካ ይሻል ነበር ወይ? ተከራከርንበት። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ የሚነግረን የሴቲቱን ዋጋ ሳይሆን የከለከልናትን ነገር ትንሽነት ነው። ቀኑን ሙሉ ከጋን ጋር የምታሳልፈው በአሥር ደቂቃ መብራት ሊተካ በሚችል ነገር ከሆነ፣ ውዱ ነገር መብራቱ አይደለም፤ ቀኑ ነው። ያ ቀን ፊደል ሊቆጠርበት፣ ሊነገድበት፣ ወይም ዝም ብሎ ፀሐይ ሊሞቅበት ይችል ነበር። ክንዷን በዋት እንለካለን፤ ቀኗን ግን በዋት መለካት አይቻልም። ከምንትዋብ ዘመን ጀምሮ የተወሰደውም እርሱ ነው።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ አበው። እኛ ግንቡን ፎቶ ስናነሳ ጠጠሩን አላየንም ነበር።

ጠላው ኅዳር 6 ደረሰ። እትዬ ቀድተው ሰጡን፤ ጓደኛችንም ትከሻውን እያሻሸ አንድ ብርሌ ላይ ሁለት ደገመ። ስንወጣ «ምን ያህል ቀን ፈጀብዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና «ማን ቆጥሮት ያውቃል ልጆቼ» አሉን።